የመጀመሪያው ገዢ ማን ይሁን?

ክቡር አዘጋጅ፤

ዩኒቨርሲቲዎችና የንግድ ድርጅቶች ተባብረው አዲስ ነገር እንዲፈጥሩ፣ ወጣቶችም ሥራ ጠባቂ ከመሆን ይልቅ ሥራ ፈጣሪ እንዲሆኑ የሚያሳስብ ጽሑፍ በየጊዜው እናነባለን፤ በየስብሰባውም እንሰማለን። ሐሳቡ መልካም ስለ ሆነ የሚቃወመው ሰው አይገኝም። ዳሩ ግን ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ሁሉ ይፈጸማል ማለት አይደለም። ይህ ጉዳይ በምን ምክንያት ከቃል ወደ ሥራ ሳይሻገር እንደሚቀር፣ በተለይም እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በነገሩ ውስጥ ያለንን ድርሻ የሚመለከተውን አስተያየቴን ለአንባቢያን ለማቅረብ በአምዳችሁ ጥቂት ቦታ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የምኖረው በኮዬ ፈጬ ነው። በዚህ በከተማው ደቡብ ጫፍ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው፣ ለእንዲህ ያለው ትብብር ከዚህ የተሻለ ቦታ ይገኛል ብሎ ማሰብ ያስቸግረዋል። በቂሊንጦ በኩል በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የተቀበለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለምን ሥራ እንደ ተቋቋመ ስሙ ራሱ ይናገራል። እዚያው ቂሊንጦ ላይ በተለይ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ታስቦ የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛል። ወደ አቃቂና ወደ ቃሊቲ ሲወርዱ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች ሲሠሩበት የኖረ፣ የአባቶቻችን ትውልድ የፋብሪካ ሥራን የተማረበት ሠፈር ነው። በመካከሉ በብዙ ሺህ የምንቆጠር የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች አለን፤ ከእኛም ብዙዎቹ ጧት ጧት በአውቶቡስ ሰልፍ ቆመን ወደ መሥሪያ ቤት የምንሄድ የመንግሥት ሠራተኞች ነን።

ዕውቀቱ፣ ፋብሪካውና ሠራተኛው እንዲህ በአንድ አቅጣጫ ተሰብስበው ሳሉ፣ የፎቁ የውኃ ፓምፕ አንድ ዕቃ በተሰበረበት ቁጥር ነዋሪው መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ድረስ ቢጫ ጀሪካኑን ተሸክሞ አራትና አምስት ፎቅ ይወጣል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይህን የመሰለው ነው።

ይህ የሚሆነው ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች ስላልተዋወቁ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ዩኒቨርሲቲዎች ከኢንዱስትሪ ጋር ተሳስረው እንዲሠሩ ይፈልጋል፤ በየዩኒቨርሲቲውም ይህንኑ ሥራ የሚከታተል ክፍል አለ። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፤ ኃላፊዎች እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። የተማሪዎች የፈጠራ ሥራም በዐውደ ርእይ ይታያል፤ ባለሥልጣኖች ይጎበኙታል፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ወዴት ይሄዳል? ብዙውን ጊዜ ወደ መጣበት ላቦራቶሪ ተመልሶ አቧራ ይለብሳል፤ የሠራው ልጅም ተመርቆ በሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ይቆማል።

እንግዲህ መተዋወቁ ካለ የጎደለው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት የጎደለው ሦስተኛው ወገን ነው። መምህሩ ያውቃል፤ ባለ ፋብሪካው ይሠራል፤ ነገር ግን ገና ስም ያላወጣውን፣ በሌላ ቦታ ያልተፈተነውን ዕቃ «እኔ እገዛለሁ» የሚል የመጀመሪያ ገዢ ከሌለ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። በአገራችን ደግሞ ትልቁ ገዢ መንግሥት ነው። መንግሥት ይገዛል ማለትም፣ በተግባር ሲታይ፣ ጉዳዩ በእኔና በአንባቢው ጠረጴዛ ላይ ያልፋል ማለት ነው።

ለዚህ አባባሌ ማስረጃ እንዲሆን በመጀመሪያ የእንዶድን ታሪክ ላስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በሽታውን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣ ስለ ሆነ፣ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በሳሙና ፋንታ የሚጠቀሙበት ፍሬ ለበሽታው መከላከያ ሊሆን እንደሚችል ተረዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በዩኒቨርሲቲው ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ እርሳቸውና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚህ የበለጠ ክብር ለአንድ ምርምር ምን ይደረግለታል?

ዳሩ ግን ክብሩ ሌላ፣ ገበያው ሌላ ሆነ። እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት እንደሌለው በታወቁ ላቦራቶሪዎች እስኪመረመር ድረስ ብዙ ዓመታት ዐለፉ፤ ምርመራውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነበር። በአገራችንም በሰፊው የሚመረትና የሚሸጥ የፋብሪካ ዕቃ ሳይሆን ቀረ። በኋላ ይኸው ፍሬ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ባለ ዛጎል ተባይ እንደሚያጠፋ ሲታወቅ፣ ለዚያ ጥቅም የፓተንት መብት ያወጣው በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቁጥቋጦው የእኛ ነው፤ የሴቶቹ ልማድ የእኛ ነው፤ ያስተዋለውም ሊቅ የእኛ ነው። ምርመራውን የሚያስጨርስ ገንዘብ በጊዜው ይዞ፣ «ሲያልቅ ይህን ያህል ኩንታል እገዛለሁ» ብሎ የሚዋዋል የአገር ውስጥ ገዢ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ በሌላ መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ በውጭ አገር የሆነውን አንዱን እንመልከት። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፍሬድሪክ ተርማን፣ ዊልያም ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ የተባሉትን ተማሪዎቻቸውን የራሳቸውን ድርጅት እንዲያቋቁሙ ያበረታቷቸው ነበር። ሁለቱ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1939 በፓሎ አልቶ ከተማ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው ዕቃቸው ሂውሌት በዩኒቨርሲቲው ሲማር ካጠናው ጥናት የተገኘ የድምፅ መፈተሻ መሣሪያ ነበር። ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ሁሉ ጋራዡን ያነሣሉ፤ ገዢውን የሚያነሡ ግን ጥቂቶች ናቸው። ስም የሌላቸው የሁለት ወጣቶችን ዕቃ ስምንት አድርጎ የገዛው የዋልት ዲዝኒ ፊልም ሠሪ ድርጅት ነው፤ «ፋንታዚያ» ለተባለው ፊልም የድምፅ ሥራ ፈልጎት ነበር። መምህሩ መከረ፤ ተማሪው ፈጠረ፤ ገዢው ገዛ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ጋራዡ ጋራዥ ሆኖ ይቀር ነበር።

ይህ የሀብታም አገር ታሪክ ነው፣ ለእኛ አይሆንም የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ እባክህ ቀና ብለህ የቤትህን ጣራ ተመልከት እለዋለሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓመታት የኮንዶሚኒየም ሥራ ሲጀመር፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ዕርዳታ በገርጂ ተሞክሮ የነበረው ዋጋው ርካሽ የቤት አሠራር ዘዴ ወደ ሥራ ገባ። ወለሉ በቦታው ሁሉ በእንጨት ተደግፎ ከሚፈስስ ይልቅ፣ አስቀድሞ የተሠራ የኮንክሪት አግዳሚ እየተደረደረ በመካከሉ ብሎኬት እንዲገባበት ተደረገ። ይህም እንጨትንም ብረትንም ሲሚንቶንም የሚቆጥብ ነው። ብሎኬቱን፣ አግዳሚውን፣ የብረት በሩንና መስኮቱን እንዲያመርቱ የተደረጉት ደግሞ በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች ከዚያ በፊት የሠሩትን የሚመሰክር ደብዳቤ ከየት ያመጡ ነበር? አልነበራቸውም። የነበራቸው ነገር ቢኖር፣ መንግሥት የሚያመርቱትን እንደሚገዛቸው የተሰጣቸው ተስፋ ነው። በዚያ ተስፋ ማሽን ገዙ፤ ሠራተኛ ቀጠሩ፤ ሙያ ተማሩ። በሥራው ጥራት ላይ ብዙ ቅሬታ መነሣቱን ነዋሪ ስለ ሆንሁ ከማንም ይልቅ ዐውቃለሁ፤ ተቆጣጣሪውም የበለጠ ቢተጋ መልካም ነበር። ሆኖም አዲስ ዘዴና አዲስ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ወደ ሥራ የገቡት፣ ገዢው አስቀድሞ ስለ ታወቀ መሆኑን የሚክድ የለም።

የገዢ ጥቅም ደግሞ ገንዘብ መክፈል ብቻ አይደለም። ገዢ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ተመራማሪውም በየት በኩል እንደሚደክም ያውቃል። ስለዚህ ነገር ጤፍ ጥሩ ምስክር ነው። በደብረ ዘይት የሚገኘው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ቀድሞ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሥር የነበረ ነው፤ ኮሌጁም ማስተማርን፣ መመራመርንና ገበሬውን መርዳትን አንድ ላይ እንዲይዝ ሆኖ በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ዕርዳታ የተደራጀ ነበር። በዚህ ጣቢያ ከወጡት የጤፍ ዘሮች አንዱ ምርቱ ብዙ ሆኖ ንጣቱ የገዢውን ዓይን አልሞላ አለ፤ ሌላው በጣም ነጭ ሆኖ ምርቱ አነሰ። ተመራማሪዎቹ «እኛ ምርቱን ጨምረናል፤ የቀለሙ ነገር አያገባንም» አላሉም። ገበሬው የሚያመርተው ለመሸጥ፣ ከተሜውም የሚገዛው ነጩን መሆኑን ተመልክተው ሁለቱን ዘሮች አዳቀሉ፤ በ1998 ዓ.ም. «ቁንጮ» የተባለው ዘር ወጣ። ቁንጮም በገበሬው ዘንድ እጅግ ተስፋፋ። ገዢው የሚፈልገው በግልጽ በታወቀበት ቦታ የአገራችን ምርምር ከማንም እንደማያንስ ይህ ያስረዳል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት በዕቃ ግዥ ኮሚቴ ውስጥ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ በየቦታው የሚሆን ነገር ነውና። የግቢው የውኃ ፓምፕ ውኃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ዕቃው ተሰብሮ ሥራ አቆመ። አስመጪው የውጭ ምንዛሪ ተገኝቶ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ አራት ወር ጠብቁ አለ። በዚህ መካከል በምህንድስና የተመረቁ ሦስት ወጣቶች በቃሊቲ አካባቢ በተከራዩት ቤት አንድ ቶርኖ ተክለው እንደሚሠሩ ተሰማና ተጠሩ። የተሰበረውን ዕቃ ለኩ፤ አምሳያውን አስቀለጡ፤ በቶርኖ አስተካክለው አመጡ። ለሙከራ ተገጠመና ፓምፑ ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ።

ቀጥሎ የክፍያው ነገር መጣ። ኮሚቴው ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይቅረብ አለ፤ ያን ዕቃ የሚሠራ ሁለተኛ ሰው ግን አልተገኘም። ከዚህ ቀደም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ማቅረባቸው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ተጠየቁ፤ ድርጅታቸው ከተቋቋመ ስምንት ወሩ ነበር። የሦስት ዓመት የተመረመረ ሒሳብ ተጠየቁ፤ ከየት ያመጣሉ? አንድ ሁለታችን የተለየ ሐሳባችንን በቃለ ጉባኤ አስመዘገብን፤ ነገር ግን ድምፁ ስላልሞላ ዕቃው ተፈትቶ ለወጣቶቹ ተመለሰላቸው። መሥሪያ ቤቱም አስመጪውን እየጠበቀ በቦቴ መኪና ውኃ ሲገዛ ከረመ፤ ለውኃው የተከፈለው ገንዘብ ወጣቶቹ ከጠየቁት ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር። የሚያስገርመው ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥፋተኛ የሚባል ሰው አለመኖሩ ነው። ማመልከቻው፣ ፊርማው፣ ማኅተሙ፣ ሞዴል 19ኙ ሁሉ በሥርዓቱ ነበር፤ ውኃው ብቻ አልነበረም። ከሦስቱ ወጣቶች አንዱን በቅርብ ጊዜ መርካቶ አገኘሁት፤ ከውጭ የመጣ የፓምፕ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል።

ይህንን የምተርከው የኮሚቴውን አባሎች ለመውቀስ አይደለም። ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ ልጆች የሚያሳድጉ፣ በደመወዛቸው የሚኖሩ ናቸው። የሚፈሩትም በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። በደንቡ መሠረት የአራት ወር መዘግየትን የፈቀደ ሰው ማንም አይጠይቀውም፤ ከደንቡ ወጥቶ ከወጣቶች አንድ ዕቃ የገዛ ሰው ግን፣ ዕቃው ቢሰበር «ከእነርሱ ጋር ምን ነበረህ?» ተብሎ በኦዲተር ፊት ይቆማል። እንዲህ በሆነበት ቦታ አስተዋይ ሰው የሚመርጠው የታወቀ ነው። ስለዚህ የሰዎቹን ጠባይ ከመለወጥ ይልቅ፣ ሰዎቹ የሚሠሩበትን መንገድ መለወጥ ይቀላል እላለሁ።

ደግሞም ሕጋችን ለአገር ልጅ ሥራ ፊቱን ጨርሶ ያዞረ አይደለም። ለምሳሌ ያህል በመንግሥት የመድኃኒት ጨረታ ለአገር ውስጥ አምራቾች የ25 በመቶ የዋጋ አስተያየት ሲደረግ ቆይቷል፤ እዚህ በቂሊንጦ ፋብሪካ ለሚተክል ሰው ይህ ትልቅ ድጋፍ ነው። ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራትም ልዩ አስተያየት የተደረገበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ድጋፍ የሚጠቅመው አስቀድሞ በመሰላሉ ላይ የወጣውን ነው። ከመሰላሉ የመጀመሪያው እርከን፣ ማለት ገና አንድ ዕቃ ብቻ ሠርቶ ለሚመጣው ለዩኒቨርሲቲ ልጅ የሚሆነው እርከን፣ ገና አልተሠራም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ አቅሜ የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ እያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የልማት ድርጅት በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ የችግሮቹን ዝርዝር ያውጣ። በየጊዜው የሚሰበርበት ዕቃ ምንድን ነው? ከውጭ እስኪመጣ ሥራ የሚያስቆመው የትኛው ነው? የትኛው ሥራ በእጅ እየተሠራ ጊዜ ይፈጃል? ይህ ዝርዝር በግልጽ ይታተም፤ በአቅራቢያው ላለው ዩኒቨርሲቲም ይላክ። ዛሬ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ስለሚካሄድ በዚያው ላይ ማውጣት አያስቸግርም። ያን ጊዜ ተማሪው ለመመረቂያው የሚሠራውን ነገር ከአየር ላይ አይፈልግም፤ መምህሩም «ይህን ብትሠራ የሚገዛህ እገሌ ነው» ብሎ ያሳየዋል።

ሁለተኛ፤ ለመጀመሪያ ሙከራ የሚሆን አነስተኛ የግዥ ገንዘብ ይመደብ፤ ከዚህ ገንዘብ ለሚገዛ ዕቃ የቀድሞ ሥራ ደብዳቤ፣ የሦስት ዓመት ሒሳብና ሲፒኦ አይጠየቅ። በደብዳቤው ፋንታ ዕቃው ራሱ ይፈተን፤ መፈተኛው መሣሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ላቦራቶሪ አለ። ገንዘቡም በደረጃ ይከፈል፤ ጥቂቱ ለናሙናው፣ የቀረው ዕቃው ተገጥሞ የተወሰነ ጊዜ ከሠራ በኋላ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ሕግ፣ ብዙ የምርምር በጀት የነበራቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከበጀታቸው ጥቂቱን እጅ ለአነስተኛ ድርጅቶች የፈጠራ ሥራ እንዲያውሉ የተገደዱት በዚህ ዓይነት ነው፤ አስቀድሞ ለሙከራ ጥቂት፣ ሙከራው ሲሳካ ከዚያ የበለጠ ይሰጥ ነበር።

ሦስተኛ፤ በቅንነትና በቃለ ጉባኤ የተደረገ ሙከራ ባይሳካ፣ የፈረመው ሠራተኛ እንደ አባካኝ እንዳይቆጠር በመመሪያ ይደንገግ። ከዐሥር ሙከራ ሦስቱ ወይም አራቱ ሊከሽፍ ይችላል። ያልተሳካውም ለምን እንዳልተሳካ ከተጻፈ ዕውቀት ነው። ይህ ጥበቃ ካልተደረገ፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ነጥቦች በወረቀት ላይ እንደሚቀሩ ከወዲሁ መናገር እችላለሁ።

በዚህ ላይ አንባቢው አንድ ብርቱ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። «ለሙከራ ተብሎ የሚከፈተው በር ለዘመድና ለወዳጅ መግቢያ አይሆንም ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የግዥ ደንብ የጠበቀውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በተበላ የሕዝብ ገንዘብ ምክንያት ነው። መልሱ ግን በሩን መዝጋት ሳይሆን በሩ ላይ መብራት መስቀል ነው። የገንዘቡ መጠን ትንሽና የታወቀ ይሁን። ችግሩ አስቀድሞ በይፋ ይታተም፤ ማን እንዳቀረበ፣ ስንት እንደ ተከፈለው፣ ዕቃውስ ሠርቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሠራ በይፋ ይገለጥ። ፈታኙ ዩኒቨርሲቲም ዕቃውን ከሠራው ዩኒቨርሲቲ የተለየ ይሁን። ዛሬ ሌባው የሚሸሸገው በደብዳቤ ብዛት ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው አንሶ ፈተናው ሲበዛ መሸሸጊያው ይጠብበዋል።

የዩኒቨርሲቲዎችና የባለ ፋብሪካዎች ድርሻም አለ፤ ሁሉንም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም። መምህሩ የሚሾመው በአብዛኛው በመጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ቁጥር ከሆነ፣ የፋብሪካ ማሽን ሥር ተንበርክኮ የከረመው መምህር ወደ ኋላ ይቀራል። ሠርቶ ለተጠቃሚ ያስረከበው ዕቃ እንደ ጽሑፉ ይቆጠርለት። ዩኒቨርሲቲ የዕውቀት ምንጭ እንጂ ጋራዥ አይደለም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ረቂቁን ሳይንስ የሚመራመር ሰው ሊከበርና በጀት ሊመደብለት ይገባል። ነገር ግን እንዶድን ያስገኘው የወንዝ ዳር ዓይን መሆኑን መርሳት የለብንም፤ ከግቢ መውጣት ሊቅነትን አይቀንስም።

ስለ ተማሪዎቹ የሥራ ልምምድም አንድ ቃል ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1964 በተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርደው ያገለግሉ ነበር፤ ያገለገሉትም ዛሬ በሽምግልናቸው ስለዚያ ዓመት ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። በኋላም በ1998 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት ዕርዳታ በተጀመረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም፣ የምህንድስና ተማሪ አንድ መንፈቅ ያህል በሥራ ቦታ እንዲለማመድ ተደረገ። ሐሳቡ ግሩም ነው። አፈጻጸሙን ስናይ ግን ብዙው ተማሪ ቦታ ለምኖ ያገኛል፤ ካገኘም በኋላ ወረቀት ኮፒ ሲያደርግና ጥግ ይዞ ሲቀመጥ መንፈቁ ያልቅበታል። ባለ ፋብሪካው ልጁን ሲቀበል አንድ የተወሰነ ችግር ቢሰጠውና «ስትሄድ የዚህን መፍትሔ ጽፈህልኝ ትሄዳለህ» ቢለው ሁለቱም ይጠቀማሉ። በአቃቂና በቃሊቲ ፋብሪካዎች ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ ማሽኑን በድምፁ ብቻ የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉ፤ ዲግሪ የላቸውም ተብሎ ከዩኒቨርሲቲ በር የሚመለሱበት ምክንያት አይታየኝም። በሳምንት አንድ ቀን ገብተው ቢያስተምሩ ተማሪው ከመጽሐፍ የማያገኘውን ያገኛል።

ውድ የሥራ ጓደኞቼ፤ ስለ ሥራ ፈጠራ በተነገረ ቁጥር ጣታችንን ወደ ወጣቱ እንቀስራለን፤ «ወጣቱ ሥራ ይፍጠር» እንላለን። ወጣቱ ግን ሥራ ፈጥሮ ወደ ቢሮአችን ሲመጣ የምንጠይቀው የትናንት ሥራውን ማስረጃ ነው። ትናንት ያልነበረው ሰው ስለ ትናንት ማስረጃ እንዲያመጣ መጠየቅ፣ በሌላ ቋንቋ ዛሬም አትኑር ማለት ነው። በየዓመቱ ከየዩኒቨርሲቲው የሚመረቁት ልጆች የሌላ ሰው ልጆች አይደሉም። የእኛው ልጆች ናቸው፤ በእኛ ደመወዝ ያደጉ፣ በእኛ ሠፈር የሚኖሩ ናቸው።

የዝርዝሩን ጉዳይ ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ የመምሪያ ኃላፊ፣ አንድ የንብረት ክፍል ሹምና አንድ የጥገና ሠራተኛ ለግማሽ ቀን አብረው ቢቀመጡ፣ መሥሪያ ቤታቸው በዓመቱ ውስጥ ከውጭ እስኪመጣ ጠብቆ የተቸገረባቸውን ዐሥር ዕቃዎች መጻፍ ይችላሉ። ያን ወረቀት በመሸኛ ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው መላክ ከአንድ የመግባቢያ ሰነድ ፊርማ ያነሰ ወጪ፣ የበለጠም ጥቅም አለው። የሙከራውን ገንዘብና የሠራተኛውን ጥበቃ የሚመለከተው መመሪያ ግን የበላይ ባለሥልጣኖች ሥራ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያስቡበት በዚሁ ጋዜጣ አማካይነት አሳስባለሁ። ሌሎችም አንባቢዎች፣ በተለይ በግዥና በኦዲት ሥራ ላይ ያሉት፣ የተሳሳትሁት ነገር ካለ ቢያርሙኝ፣ የጎደለውንም ቢሞሉልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከኮዬ ፈጬ